የጋላክሲ ፎቶግራፎችን ለማቀናበር የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? ለአማተር የሰማይ ፎቶግራፈሮች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

ጋላክሲ የሚያነሳ አማተር ሌሊቱን ሜዳ ላይ አሳልፎ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሜሞሪ ካርዱ የሚይዘው በአስሮች ወይም በመቶዎች የሚቆጠሩ ደብዛዛ ፋይሎችን ነው። እነዚህን ፋይሎች አዋሕዶ፣ የሰማዩን ብርሃን ቀንሶ፣ ቀለሙን አስተካክሎ ጋላክሲውን አጉልቶ ማውጣት የሶፍትዌር ሥራ ሲሆን፣ ለዚህ የተሠሩት ፕሮግራሞች መብዛታቸው ጀማሪውን ግራ ያጋባል። በዚህ መመሪያ የምናነጻጽራቸው ዋና ፕሮግራሞች ዲፕስካይስታከር፣ ሲሪል፣ ፒክስኢንሳይት እና አስትሮ ፒክስል ፕሮሰሰር ናቸው፤ ከእነርሱ ጎን ለጎን የሚሠሩትን ግራኤክስፐርትን፣ ስታርኔትን እና ብለርኤክስተርሚኔተርን፣ ለመጨረሻው ማሳመሪያ የሚያገለግሉትን ጊምፕን እና ፎቶሾፕንም እንመለከታለን።

ንጽጽሩ በዋጋና በዝና ላይ ብቻ እንዳይመሠረት አንድ ዋና መለኪያ መያዝ ያስፈልጋል፤ እርሱም ፕሮግራሙ የጋላክሲውን ደካማ የውጭ ክፍል ከሰማዩ የዳራ ብርሃን ለይቶ ለማትረፍ ምን ያህል ቁጥጥር ይሰጠናል የሚለው ነው። ኮከቦች ጥቂት ቢያብጡ ወይም ቀለሙ ወደ አንድ ወገን ቢያደላ ተመልሶ ሊታረም ይችላል። የጋላክሲው ጫፍ ከሰማዩ ብርሃን ጋር አብሮ ከተቀነሰ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣ የትኛውም መሣሪያ አይመልሰውም፤ ሥራውን ከመጀመሪያው ደረጃ መጀመር ግድ ይሆናል።

ለምሳሌነት የምንይዘው የአንድሮሜዳ ጋላክሲን፣ ማለትም ኤም31ን ነው። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመታት ያህል ርቆ ሳለ በሰማይ ላይ ከ3 ዲግሪ በላይ ስለሚዘረጋ፣ ርዝመቱ ስድስት ሙሉ ጨረቃዎችን ጎን ለጎን እንደመደርደር ነው። መነሻ መሣሪያችን 24 ሜጋፒክስል የሆነ ኤፒኤስ ሲ ካሜራ፣ ባለ 200 ሚሊሜትር ሌንስ እና የምድርን መዞር የሚከተል አነስተኛ ትራከር ይሁን። በዚህ ሌንስ የሚታየው የሰማይ ስፋት 6.7 በ4.5 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ አንድሮሜዳ የፎቶውን ወርድ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ይይዛል። ይህ ልኬት ከታች ለምንሰጠው ፍርድ ሁሉ ወሳኝ ነው።

ዳታው ራሱ የሚጠይቀው

የካሜራው ሮው (ጥሬ) ፋይል 14 ቢት ከሆነ እያንዳንዱ ፒክስል እስከ 16,384 የብርሃን ደረጃዎችን መለየት ይችላል፤ ጄፔግ ግን ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። የጋላክሲው የውጭ ክንዶች ከሰማዩ ዳራ የሚበልጡት በእጅጉ በጥቂቱ ስለሆነ፣ በጄፔግ ውስጥ ልዩነቱ ከአንድ ደረጃ ሊያንስና ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በ8 ቢት ብቻ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጊምፕ ከ8 ቢት በላይ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.10 ስሪቱ ስለሆነ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ከዚያ የቆየ ስሪት የጫነ ሰው ከሁሉ በፊት ማደስ ይኖርበታል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ፎቶዎች ሲደራረቡ (ወደ አንድ ሲዋሐዱ) ጥራቱ የሚጨምረው በብዛታቸው ልክ ሳይሆን በብዛታቸው ስኩዌር ሩት ልክ መሆኑ ነው። የሁለት ደቂቃ ኤክስፖዠር ያላቸው 30 ፎቶዎች አንድ ሰዓት ይሞላሉ፤ ከዚያ የሚቀረውን ኖይዝ (በዘፈቀደ የሚበተነውን የብርሃን ጉድፍ) በግማሽ ለመቀነስ 120 ፎቶ፣ ማለትም አራት ሰዓት ያስፈልጋል። ውድ ሶፍትዌር ይህን ሕግ አይሽረውም። የፍላት ፎቶዎች፣ ማለትም እኩል ብርሃን ባለው ገጽ ላይ የሚነሱት ማረሚያ ፎቶዎች፣ ነገርም እንዲሁ ነው። ሌንሱ በማዕዘኖቹ ላይ የሚፈጥረውን ጥላና የአቧራ ምልክት የሚያርሙት ፍላቶች ስለሆኑ፣ ፍላት ያልተነሳለት ዳታ ወደ የትኛውም ፕሮግራም ቢገባ የዳራ ማስተካከያውን ሥራ እጥፍ ያከብደዋል። በእኔ እምነት ለሶፍትዌር ከመክፈል በፊት ፍላት ማንሳትን መልመድ ይቀድማል።

መደራረቡን ለማን እንስጥ?

ዲፕስካይስታከር በነጻ የሚገኝ፣ በዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ፕሮግራም ነው። ላይት (ዋናዎቹን የሰማይ ፎቶዎች)፣ ዳርክ (ሌንሱ ተከድኖ በተመሳሳይ ኤክስፖዠር የሚነሱትን)፣ ፍላት እና ባያስ (ሌንሱ ተከድኖ እጅግ ባጠረ ኤክስፖዠር የሚነሱትን) ፎቶዎች ለየብቻ አስገብቶ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ ነጥብ ሰጥቶ፣ ከሁሉ የተሻሉትን 80 በመቶ ብቻ ደራርብ ማለት ይቻላል። ይህን ሥራውን በሚገባ ያከናውናል፤ አንድ ምሽት ሙሉ ለመማር የማይፈልግ ሰውም በቶሎ ይግባባዋል። ከመደራረብ በኋላ የሚያቀርባቸው የቀለምና የብርሃን ማስተካከያዎች ግን ደካሞች ናቸው። ስለዚህ ውጤቱን ማስተካከያ ሳይጫንበት በ32 ቢት ቲፍ አስቀምጦ ወደ ሌላ ፕሮግራም መውሰድ ይሻላል። የዳራ ብርሃንን በናሙና ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያም ሆነ የኮከቦችን ካታሎግ ይዞ ቀለም የሚያስተካክል መሣሪያ የለውም፤ በዋናው መለኪያችን ሲመዘን ከመንገዱ መጀመሪያ አያልፍም።

ሲሪል እንዲሁ ነጻና ክፍት ምንጭ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክ እና በሊኑክስ ይሠራል። ፎቶዎቹን ላይትስ፣ ዳርክስ፣ ፍላትስ እና ባያሰስ በተባሉ አቃፊዎች ከፋፍሎ የተዘጋጀውን ስክሪፕት ማስነሳት ብቻ በቂ ነው፤ ካሊብሬሽኑን (በዳርክ፣ በፍላትና በባያስ ማረሙን)፣ ማሰለፉን (የፎቶዎቹን ኮከቦች ማገጣጠሙን) እና መደራረቡን ራሱ ይጨርሳል። ስክሪፕቱን ትቶ እያንዳንዱን ደረጃ በእጅ መሥራት የሚፈልግም ይችላል። በየደረጃው የሚወጡት ፋይሎች ዲስክ ላይ ስለሚቀመጡ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ወይም ላፕቶፑ ቢዘጋ ካለቀው ደረጃ ቀጥሎ መሥራት ይቻላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የዲስክ ቦታ ግን ይበላል። ባለ 24 ሜጋፒክስል አንድ ፎቶ በሦስት ቀለም እና በ32 ቢት ሲጻፍ 288 ሜጋባይት ይሆናል። ለአራት ሰዓት የሚያስፈልጉን 120 ፎቶዎች ካሊብሬት ሆነው 35 ጊጋባይት ያህል፣ ተሰልፈው እንደገና ሲጻፉ ሌላ 35 ጊጋባይት ያህል ይወስዳሉ። ቦታ የጠበበው ሰው በሲሪል ማስተካከያ ውስጥ 16 ቢትን ቢመርጥ ይህ በግማሽ ይቀንስለታል፤ ፎቶዎቹ ብዙ ሲሆኑ ግን ከደካማው ሲግናል ጥቂት ስለሚያስቀር፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መግዛቱን እመርጣለሁ።

ፒክስኢንሳይት በስፔን የሚገኘው ፕሌያዲስ አስትሮፎቶ የሚያዘጋጀው የሚከፈልበት ፕሮግራም ነው። መላውን ሥራ ከካሊብሬሽን እስከ መደራረብ የሚያከናውን ደብሊውቢፒፒ የሚባል ስክሪፕት አለው። ከሲሪል የሚበልጥበት ነጥብ ሎካል ኖርማላይዜሽን የተባለው አሠራር ነው። ሌሊቱ እየገፋ ጋላክሲው ወደ አድማስ ሲያዘቀዝቅ የከተማ ብርሃን የሚመጣበት አቅጣጫና መጠኑ ከፎቶ ወደ ፎቶ ይለዋወጣል፤ ሎካል ኖርማላይዜሽን እያንዳንዱን ፎቶ በክፍል በክፍል ከአንድ ጥሩ ማመሳከሪያ ፎቶ ጋር ስለሚያስተካክል፣ ሲደራረቡ የሚቀረው የዳራ መዛባት ቀለል ያለ ይሆናል። በሲሪል ወደዚህ የሚቀርበው መንገድ፣ ከመደራረብ በፊት በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ፖሊኖሚያል (ዳራውን በሒሳብ ቀመር የሚገምት) የዳራ ቅነሳ ማካሄድ ነው። የመጀመሪያ ደረጃው ቀጥተኛ ዝንባሌን ብቻ ስለሚነካ የጋላክሲውን ቅርጽ አይከተልም፤ ከዚያ ከፍ ያለ ደረጃን ግን በነጠላ ፎቶዎች ላይ ፈጽሞ አልመክርም።

አስትሮ ፒክስል ፕሮሰሰርም የሚከፈልበት ሲሆን በዓመት ኪራይ ወይም በአንድ ጊዜ ግዢ ይገኛል። ጥንካሬው የተለያዩ የሰማይ ክፍሎችን አገጣጥሞ ሞዛይክ በመሥራት ላይ ነው። አንድሮሜዳን በ200 ሚሊሜትር ሌንስ በአንድ ፎቶ የሚይዝ ሰው ይህን አይፈልገውም፤ በ800 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ በክፍል በክፍል ለሚያነሳ ሰው ግን ብዙ ልፋት ይቆጥብለታል።

ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት፦ የዳራ ብርሃን

የፕሮግራሞቹ ልዩነት በእውነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሰማይ ስር አንድሮሜዳ በኅዳር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ በስተሰሜን 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዘቀዝቃል። ከከተማዋ በስተሰሜን ወደ ሱሉልታ ወጥቶ የሚያነሳ ሰው የከተማዋ ብርሃን ከጀርባው ስለሚሆን በፎቶው ላይ የሚያገኘው መዛባት መጠነኛ ነው። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከቢሾፍቱ የሚያነሳ ግን ጋላክሲው ሲያዘቀዝቅ ካሜራውን ወደ ከተማዋ ብርሃን ለማዞር ይገደዳል፤ ስለዚህ ለሁለቱ ሰዎች ተመሳሳይ መሣሪያ አይበቃም።

የዳራ ማስተካከያ ሁሉ የሚሠራው ሰማይ ብቻ የሆነውን የፎቶውን ክፍል ናሙና ወስዶ፣ በናሙናዎቹ መካከል ያለውን ብርሃን ገምቶ፣ ግምቱን ከፎቶው በመቀነስ ነው። እንደ ኤም51 ባለ ትንሽ ጋላክሲ ላይ ይህ ችግር የለበትም። ኤም51 በስፋቱ 11 አርክ ደቂቃ (አንዱ የዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው) ገደማ ስለሆነ በእኛ ሌንስ ከፎቶው ጥቂቱን ብቻ ይይዛል፤ የተቀረው ሁሉ ሰማይ ስለሆነ አውቶማቲክ ናሙና ያለ ስጋት ይሠራል። የፎቶውን ወርድ ግማሽ በያዘው በአንድሮሜዳ ላይ ግን አውቶማቲክ ናሙናዎች በጋላክሲው ጭጋጋማ ጫፍ ላይ ያርፋሉ፤ ፕሮግራሙም ያን ብርሃን የከተማ ብርሃን ነው ብሎ ይቀንሰዋል። ውጤቱ በጥቁር ሰማይ ላይ የተቆረጠ የሚመስል፣ ከእውነተኛው ያነሰ ጋላክሲ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ይህን ንጹሕ ፎቶ አድርጎ ይቀበለዋል።

ሲሪል በዚህ ረገድ ሁለት አማራጭ ይሰጣል። አንዱ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ደረጃ ያለው ፖሊኖሚያል፣ ሌላው አርቢኤፍ የተባለው ተለዋዋጭ አሠራር ነው። በሁለቱም ናሙናዎችን በራስ እጅ መትከልና ማንሳት ይቻላል። ለአንድሮሜዳ የምመክረው በጋላክሲው ዙሪያ፣ አጃቢዎቹ ኤም32 እና ኤም110 ካሉበት ቦታ ርቆ፣ ወደ ፎቶው ጠርዞች ተጠግቶ ጥቂት ናሙናዎችን በእጅ መትከል እና 1ኛ ወይም 2ኛ ደረጃን መጠቀም ነው። ከፍ ያለው ደረጃ ናሙና በሌለበት በመሃሉ ላይ በራሱ ስለሚታጠፍ የጋላክሲውን ብርሃን ይዞ ይሄዳል።

ግራኤክስፐርት በዚህ ሥራ ላይ ብቻ የሚያተኩር ነጻ ፕሮግራም ነው። በእጅ ናሙና የሚሠሩ አርቢኤፍ፣ ስፕላይን እና ክሪጊንግ የተባሉ አሠራሮች አሉት፤ ከእነርሱ በላይ ታዋቂ የሆነው ግን ያለ ናሙና በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ክፍሉ ነው። ይህ ክፍል ለትንንሽ ጋላክሲዎች በሚያስደስት ፍጥነት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ፎቶውን ለሚሞሉ ጋላክሲዎች ግን ያለ ምርመራ አልቀበለውም። ኤም81 እና ኤም82 ባሉበት አካባቢ ችግሩ ይብሳል፤ በዚያ ሰማይ ላይ የተበተነው የራሳችን ጋላክሲ ደብዛዛ አቧራ ከብርሃን ብክለት ጋር ስለሚመሳሰል፣ አውቶማቲክ መሣሪያ አብሮ ሊጠርገው ይችላል።

ምርመራው አስቸጋሪ አይደለም። ግራኤክስፐርት የቀነሰውን ዳራ ለብቻው እንዲቀመጥ ማዘዝ ይቻላል። በሲሪል ደግሞ ፒክስል ማዝ በተባለው የፒክስል ሒሳብ መሣሪያ ከመጀመሪያው ፎቶ ላይ የተስተካከለውን ቀንሶ፣ ውጤቱ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ 0.1 ደምሮ፣ በአውቶስትሬች (ደብዛዛውን ብርሃን ለዕይታ ብቻ በሚያጎላው ማሳያ) ማየት ነው። የሚታየው ከጠርዝ ወደ ጠርዝ በዝግታ የሚለወጥ ብርሃን ብቻ ከሆነ ሥራው ትክክል ነው። በመሃሉ የጋላክሲውን ዝንባሌ የያዘ ሞላላ ቅርጽ ከታየ ግን የተቀነሰው ጋላክሲው ነው፤ ናሙናዎቹን አርቆ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ማንኛውንም ፕሮግራም የመረጠ ሰው ይህን ፍተሻ ሳያደርግ ወደሚቀጥለው ደረጃ እንዳያልፍ አጥብቄ እመክራለሁ።

ፒክስኢንሳይት በእጅ ናሙና የሚሠራው ዲቢኢ ከተባለው መሣሪያው በተጨማሪ፣ መልቲስኬል ግራዲየንት ኮሬክሽን የተባለ አሠራር አቅርቧል። ይህ አሠራር ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው ሰማዩን በግምት ከማወቅ ይልቅ አስቀድሞ በጥንቃቄ ከተነሳ የማመሳከሪያ ዳታቤዝ ጋር በማነጻጸሩ ነው፤ ስለዚህ የጋላክሲው ጫፍ የት እንደሚያበቃ በእውነተኛ መረጃ ይወስናል። ዳታቤዙ መጀመሪያ ሲወጣ መላውን ሰማይ ስላልሸፈነ፣ የሚያነሱት ጋላክሲ መኖሩን አስቀድሞ ማየት ይገባል። ለትልልቅ ጋላክሲዎች የገንዘብ ክፍያን በእርግጥ የሚያጸድቅ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀለምና ስትሬች

በቀለም በኩል ሲሪልና ፒክስኢንሳይት ተቀራርበዋል። ሁለቱም ፎቶው የትኛውን የሰማይ ክፍል እንደሚያሳይ በኮከቦቹ አቀማመጥ ለይተው፣ የኮከቦቹን ቀለም ከካታሎግ ጋር በማመሳከር ሚዛኑን ያስተካክላሉ። በጋይያ ሳተላይት የኮከቦች ስፔክትረም (በቀለም የተነጣጠለ ብርሃን) ዳታ የሚሠራውን የተሻለ ዘዴ ሲሪል ከ1.4 ስሪቱ ጀምሮ ጨምሯል። ለዚህ ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነና የካሜራው ፒክስል ስፋት በትክክል መግባት አለባቸው። በጊምፕ ወይም በፎቶሾፕ በዓይን ግምት ቀለም ማስተካከል ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ በተለይ የአንድሮሜዳ ቢጫማ እምብርትና ሰማያዊ ክንዶች ልዩነት በዓይን ግምት በቀላሉ ይጋነናል።

ስትሬች ማድረግ፣ ማለትም በጨለማው ውስጥ የተጨመቀውን ብርሃን ከፍቶ ለዓይን ማቅረብ፣ የጋላክሲ እምብርት በቶሎ የሚቃጠልበት ደረጃ ነው። ጄኔራላይዝድ ሃይፐርቦሊክ ስትሬች የተባለው ዘዴ በሲሪልም በፒክስኢንሳይትም ይገኛል። ብርሃኑ የሚከፈትበትን ነጥብ በደካማው ክንድ ላይ አነጣጥሮ እምብርቱን መጠበቅ ስለሚያስችል፣ በጊምፕ ከርቭ ደጋግሞ ከመጎተት እጅግ የተሻለ ነው። ጊምፕና ፎቶሾፕ የሚጠቅሙት ከዚህ በኋላ፣ በማስክ ተከልሎ ለሚደረግ ጥቃቅን እርማት ነው። ለዚያ ብቻ ተብሎ በየወሩ ለፎቶሾፕ መክፈል አያስፈልግም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ተጨማሪዎች

ስታርኔት ኮከቦችን ከፎቶው ለይቶ ያወጣል፤ ጋላክሲውን ለብቻው ስትሬች አድርጎ ኮከቦቹን ሳያብጡ መመለስ ስለሚያስችል፣ ከሲሪል ጋር አብሮ መጠቀሙን እመክራለሁ። ነገር ግን በኤም33 ጋላክሲ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እንደ ኤንጂሲ 604 ያሉ በጋላክሲው ውስጥ የሚገኙ ብሩህ የጋዝ ደመናዎችን ኮከብ ናቸው ብሎ ሊያነሳቸው ይችላል።

ብለርኤክስተርሚኔተር የሚከፈልበት የማጥሪያ መሣሪያ ሲሆን በረጅም ቴሌስኮፕ ለሚያነሱ ሰዎች በእርግጥ ይጠቅማል። በእኛ ምሳሌ ግን የካሜራው ፒክስል 3.9 ማይክሮን ስለሆነ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ አንድ ፒክስል 4 አርክ ሰከንድ (አንዱ የአርክ ደቂቃ 60ኛ ክፍል ነው) ይሸፍናል። ከዚያ ያነሰ ዝርዝር በዳታው ውስጥ ስለሌለ መሣሪያው ሊያጠራ የሚችለው ዝርዝር ጥቂት ነው፤ የሚያርመው በዋናነት በማዕዘን ላይ የተበላሸ የኮከብ ቅርጽን ነው። በአጭር ሌንስ ለሚሠራ ሰው ካሜራውን በፎቶዎች መካከል በጥቂት ፒክስል እያንቀሳቀሱ አንስቶ በድሪዝል (ያንን ጥቃቅን የቦታ ልዩነት ተጠቅሞ ተጨማሪ ዝርዝር በሚያወጣው ዘዴ) መደራረብ የተሻለ ጥቅም አለው፤ ዲፕስካይስታከርም፣ ፒክስኢንሳይትም፣ በቅርብ ስሪቱ ሲሪልም ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራሉ።

ለማን የትኛው?

ፒክስኢንሳይት 300 ዩሮ ገደማ ያስከፍላል፤ ግብርም ሊጨመርበት ይችላል። ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን 45 ቀን በነጻ መሞከር ይቻላል። ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ በኦንላይን መክፈል ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም፤ ፕሮግራሙም 16 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ራም ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር አንባቢ ክፍያው እንቅፋት ባይሆን እንኳ፣ የፕሮግራሙ አሠራር ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ በመሆኑ ለመልመድ ወራት ይወስዳል።

ስለዚህ ለጀማሪውም፣ በአነስተኛ ላፕቶፕ ለሚሠራውም የምመክረው ሲሪልን፣ ግራኤክስፐርትን፣ ስታርኔትን እና ጊምፕን አንድ ላይ ነው፤ ለአራቱም ምንም አይከፈልም፣ ለአንድሮሜዳም ይበቃሉ። ዲፕስካይስታከርን የለመደ ሰው መደራረቡን እዚያው ቀጥሎ ቲፉን ወደ ሲሪል ቢወስድ ጉዳት የለውም። በከተማ ብርሃን ስር ሆኖ ብዙ ሌሊቶችን በአንድ ትልቅ ጋላክሲ ላይ የሚያውል፣ ሰማዩ ሲሪልን እንኳ የሚያሸንፍበት ሰው ፒክስኢንሳይትን ይሞክር። የ45 ቀኑን ነጻ ሙከራ ግን በክረምት አይጀምር፤ መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቢያንስ የአራት ሰዓት ዳታ ከነፍላቱ በእጁ ከገባ በኋላ ቢጀምር ይህንኑ ዳታ በሁለቱም ፕሮግራሞች አቀናብሮ የሁለቱን ዳራ ጎን ለጎን ማየት ይችላል።